ተቀያሪ ወንበር ለወጣት በረኛ

ጥያቄ፦ ኦምዱርማን ተወልዶ ያደገው ታናሽ ወንድሜ በረኛ ነው። ግብ ሲበዛበት አሰልጣኙ ተቀያሪ አደረገው። ይጎዳው ይሆን?

መልስ፦ ከማን ጀርባ እንደተቀመጠ ይወስነዋል። የኦምዱርማኑ ክለብ አል-መሪክ በ2011 እ.ኤ.አ. ግብፃዊውን በረኛ ኤሳም ኤል-ሐዳሪን አስፈርሞ ነበር፤ ከእንዲህ ያለ ሰው ጎን በየቀኑ መለማመድ ራሱ ትምህርት ነው። ሐዳሪ በ45 ዓመቱ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ፣ የሳዑዲ ዓረቢያን ፍጹም ቅጣት ምት አድኗል። በረኛ ዕድሜ አይቸኩልበትም። በሌላ ስፖርት፣ በአሜሪካ ፉትቦልም፣ ኳርተርባኩ (ኳስ አከፋፋዩ) አሮን ሮጀርስ ቦታውን ከመያዙ በፊት ከአንጋፋው ብሬት ፋቭር ጀርባ ሦስት ዓመት ተቀምጧል።

ግን ወንበር ብቻውን አያስተምርም፤ በተለይ ለተሻገረ ኳስ መቼ መውጣት እንዳለበት የሚገባው ሰው ሲጋፋው ነው። አሰልጣኙን በወዳጅነት ጨዋታ እንዲያሰልፈው ይጠይቀው። እምቢ ካለ ለአንድ የውድድር ዓመት በውሰት ትንሽ ክለብ ይሂድ።