እባብህ ቆዳ ሲቀይር እጅህን ሰብስብ

የእህቴ ልጅ፣ ባለፈው እሑድ ስትደውል ድምፅህ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ጋሼ፣ ዐይኑ ነጣ፣ አልበላም አለ፣ ሊሞትብኝ ነው» አልከኝ። አይሞትም፤ ቆዳ ሊቀይር ነው። ልጄ ኮሌጅ ስትገባ ቦል ፓይተኗን ትታብኝ ከሄደች ዘንድሮ 9 ዓመት ሆነ። ሲፈራ ራሱን መሐል ቀብሮ ድቡልቡል ስለሚል ስሙን ድፎ አልኩት። ከድፎ የተማርኩትን በቁጥር ልጻፍልህ።

1. ምልክቱን ለይ። መጀመሪያ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ሆዱ ወደ ሮዝ ይሄዳል። ቀጥሎ ዐይኑ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። እኔም መጀመሪያ ሳየው ሞራ የወረደበት መስሎኝ ሐኪም ዘንድ ይዤው ሮጫለሁ። ነገሩ ግን በሽታ አይደለም፤ አሮጌውና አዲሱ ቆዳ እንዲላቀቁ በመሐላቸው ፈሳሽ ስለሚገባ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ዐይኑ መልሶ ይጠራል። ያኔ «አለፈለት» ብለህ አትዘናጋ፤ ቆዳው የሚወልቀው ከጠራ በኋላ ነው። ከድብዘዛው ጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈጃል።

2. አትንካው፣ አታብላው። በዚህ ሰሞን አጥርቶ አያይም። ድንገት እጅ ሲመጣበት ነክሶ የማያውቀውም ይነክሳል። አይጡንም አቆይለት፤ ጤነኛ ዐዋቂ እባብ ሁለት ሳምንት ቢጾም ምንም አይሆንም። ንጹሕ ውኃ ግን አይታጣ።

3. አየሩን አርጥብለት። ዋናው ይህ ነው። ቦል ፓይተን የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ፍጡር ነው። እዚህ ኮሎራዶ ክረምት ብለን የምንጠራው ደግሞ አገር ቤት እንደምናውቀው ዝናብ ሳይሆን የሰውን ከንፈር የሚሰነጥቅ ደረቅ ብርድ ነው፤ የቤቱ ማሞቂያ ሲጨመርበትማ አይጠየቅ። በሌላ ጊዜ 60 በመቶ ገደማ የሚበቃው እርጥበት አሁን ወደ 70 ከፍ ይበል። በግምት አይሆንም፤ የእርጥበት መለኪያ (ሃይግሮሜትር) ግዛ። የማደሪያውን የሽቦ ክዳን በከፊል ሸፍነው። ከዚያ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ፈልግና ጎኑን በሚያሾልከው ልክ ብሳው፤ የቀዳዳውን ጠርዝ በአሸዋ ወረቀት አለስልሰህ ውስጡን ስፋግነም በሚባል ውኃ የሚይዝ የራሰ ተክል ሙላው። ስፋግነሙን በእፍኝህ ጭመቀው፤ እርጥብ ሆኖ ጠብ የሚል ነገር ከሌለው ልኩ ነው። መላው ወለል ከጨቀየ ግን የሆዱ ቅርፊት ይቆስላል።

4. የሚታከክበት ስጠው። ሸካራ እንጨት ወይም ስል ጠርዝ የሌለው ድንጋይ ይበቃል። አንድ ሌሊት ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ድፎ አፍንጫውን ከግንዱ ጋር ሲፈትግ ቆይቶ ቆዳው ከከንፈሩ ላይ ተነሣ። ከዚያ እሱ ወደ ፊት ሲሳብ ቆዳው እንደ ካልሲ እየተገለበጠ ወደ ኋላ ቀረ። ከውስጡ የወጣው እባብ ሊስትሮ ያሳመረው ጫማ ይመስል ነበር።

5. አትጎትት። በመጀመሪያው ዓመት ቆዳው በቁራጭ በቁራጭ ወጣና የቀረውን ልርዳው ብዬ በጣቴ ሳብኩት። ያልደረሰውን አብሬ ገፈፍኩት፤ ከሥሩ ቀልቶ ታየኝ። ያን ቀን ያዘንኩትን ለልጄም አልነገርኳትም። የቀረ ነገር ካለ ለብ ባለ ውኃ የራሰ ፎጣ ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል ይሹለክለክ፣ አንተም ከአጠገቡ አትነሣ። ዐይኑን በተለይ ተጠንቀቅ። እባብ የዐይን ቆብ የለውም፤ ዐይኑን የሚጠብቀው እንደ መስታወት የጠራ ቅርፊት ነው፣ እሱም ከቆዳው ጋር ይወልቃል። ሳይወልቅ ቢቀር በወረንጦ እንዳትሞክረው፤ ለሐኪም ተወው።

6. የጣለውን ቆዳ አንብበው። ሳይደርቅ ጠረጴዛ ላይ ዘርጋው። ሁለቱ የዐይን ሽፋኖች ከራሱ ጋር መውጣታቸውን፣ የጅራቱም ጫፍ መኖሩን እይ። ጅራት ላይ የሚቀር የቆዳ ቀለበት ደም አግዶ ጫፉን ሊገድለው ይችላል። ቆዳው ከእባቡ ቢረዝም አይግረምህ፤ ሲወልቅ ይለጠጣል። ደጋግሞ ተቆራርጦ ከወጣ ግን እርጥበቱን፣ ሙቀቱንና ቅንቅን መኖሩን መርምር። ስትጨርስ እጅህን በሳሙና ታጠብ፤ ጤነኛ የሚመስል እባብም ሳልሞኔላ ይይዛል።

7. እናትህን አታስቸኩላት። እሷ ያደገችው እባብ ሲታይ ዱላ በሚነሣበት ቀዬ ነው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ሲባል ሰምተሃል፤ አንተ ከልጡ ጀምርላት። እባቡን ጓዳው ትተህ፣ የወለቀውን ቆዳ አጥበህ አድርቀህ መዳፏ ላይ አኑርላት። ቅርፊቱን ቆጥራ፣ የዐይኑን ቦታ በጣቷ ዳብሳ ስትጨርስ ስለ ባለቤቱ ራሷ ትጠይቅሃለች። እስከዚያ እንደ እባብህ እሷንም ጠብቃት።

አጎትህ