የሥነ ጥበብ ታሪክ ማይነር፦ ለቆቦና ለራያ ተማሪ

የሥነ ጥበብ ታሪክን በማይነር (ከዋናው ትምህርት ጎን በሚወሰድ ሁለተኛ መስክ) ለመያዝ ያሰበ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የኮርስ ዝርዝር ይዞ ይቀመጣል። እኔ ከመጨረሻው ጽሑፍ ተነሥታችሁ ወደ ኋላ አቅዱ እላለሁ። ለራያ ልጅ ኮርሱ ሩቅ ነው፤ የሚጻፍበት ነገር ግን ደጁ ላይ ነው።

በቅድሚያ ዩኒቨርሲቲያችሁ ማይነር የሚፈቅድ መሆኑን ሬጅስትራር ሄዳችሁ ካሪኩለሙ ላይ አንብቡ። የጓደኛ ወሬ አይበቃም። ድሮ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ከዋናው ትምህርቱ ጋር ማይነር ይይዝ ነበር፤ አሁን በአገራችን በብዛት የሚሠራው በአንድ ዋና ትምህርት ነው። ታሪክ፣ ቱሪዝም ወይም ቅርስ አያያዝ የምትማሩና ማይነር የሌላችሁ ተማሪዎች ተስፋ አትቁረጡ። በምርጫ ኮርስና በሲኒየር ኤሴይ ርዕስ ያንኑ ይዘት መሸፈን ይቻላል። በዲግሪያችሁ ላይ ስሙ አይጻፍም፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ማይነር በይፋ በሚሰጥበት አገር፣ ለምሳሌ አሜሪካ ለምትማሩ፣ ዝርዝሩ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ቢለያይም መዋቅሩ ተመሳሳይ ነው። ከአምስት እስከ ሰባት ኮርስ ይጠየቃል፤ አንዱ ኮርስ በብዛት 3 ክሬዲት ስለሆነ ድምሩ ከ15 እስከ 21 ይደርሳል። አንድ ወይም ሁለቱ ከጥንት እስከ ዛሬ የሚያስቃኙ መግቢያዎች ናቸው፤ የቀሩት ከፍ ያለ ደረጃ አላቸው። ብዙ ቦታ ከአውሮፓ ውጭ ያለ ጥበብን የሚመለከት ኮርስም ግዴታ ነው።

ተማሪ የሚሰናከለው ግን በኮርሱ ክብደት ብቻ አይደለም፤ በጥቃቅን ደንቦችም ነው። ከሲ በታች የመጣ ውጤት ብዙ ጊዜ አይቆጠርም፤ በ«አለፈ/ወደቀ» ብቻ የተወሰደ ኮርስም እንዲሁ። ለዋናው ዲግሪ የተቆጠረ ኮርስ ለማይነሩም እንዲቆጠር የሚፈቀደው በገደብ ነው። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ክሬዲትም ጣሪያ አለው። ስለዚህ የማይነር መመዝገቢያ ቅጹን ቢዘገይ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሙሉ፤ አድቫይዘራችሁ ተለዋጭ ኮርስ ከፈቀደላችሁ በጽሑፍ ተቀበሉት። የቃል ፈቃድ አድቫይዘሩ በተቀየረ ማግስት ዋጋ ያጣል።

አሁን ወደ ጽሑፉ። «የራያ ጥበብ» ርዕስ አይሆንም፤ አንድ ሥራ፣ አንድ ግድግዳ፣ አንድ ልብስ ምረጡ። ቆቦ ከወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ከወልድያ ወደ ላስታ መውጣት ይቻላል። ላስታ ላይ ሁሉም ወደ ላሊበላ ይሮጣል። ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ ብዙ ስለተጻፈበት ለጀማሪ አዲስ ነገር የሚተርፈው ጥቂት ነው። ለእኔ ገነተ ማርያም ትሻላለች። ከአለት የተፈለፈለች፣ ዙሪያዋን በዓምድ የተከበበች ናት፤ የግድግዳ ሥዕሎቿ በይኩኖ አምላክ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1270–1285) የተሠሩ ሲሆኑ የንጉሡ ምስልም አለባቸው። ሥዕል አሠሪ ንጉሥ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ራሱን ለምን አሠራ የሚለው ብቻውን ሃያ ገጽ ይወጣዋል። ግንባታ የሚስበው ደግሞ ዋሻ ውስጥ ወደ ተሠራው ይምርሐነ ክርስቶስ ይሂድ፤ ከእንጨትና ከድንጋይ ተደራርቦ የተሠራው ግድግዳ የአክሱምን አሠራር ያሳያል።

የራያን ቆላም አትዝለሉት። በነሐሴ የራያ ቆቦ ልጃገረዶች የሚያከብሩት ሶለል፣ ሹሩባው፣ ጥልፉና ጌጡ፣ የጎረምሳው ጎፈሬና ሚዶ፣ ሁሉም የጥበብ ታሪክ ጉዳይ ናቸው። መምህሩ «ይሄ ፎክሎር ነው» ካላችሁ፣ ስለ ቅርጽ፣ ስለ ቁስና ስለ ዘመን ለውጥ የምትጽፉ መሆናችሁን አሳዩት። በዐረብኛና በዐጀሚ (በዐረብኛ ፊደል በሚጻፍ የአገር ቋንቋ) የተጻፉ የወሎ መጻሕፍትም ሰፊ መስክ ናቸው፤ ለመነሻ የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አሕመድ በ2001 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን የወሎ እስልምና ታሪክ አንብቡ።

ወደ መስክ ከመውጣታችሁ በፊት ከትምህርት ክፍላችሁ ማህተም ያለበት የድጋፍ ደብዳቤ ያዙ፤ አንዱን ቅጂ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ ሌላውን ለደብሩ አስተዳዳሪ ስጡ። የጸጥታውን ሁኔታ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ አካባቢው ጦርነት አይቷል። ቄሰ ገበዙን ሳታስፈቅዱ ካሜራ አታውጡ፤ ከተፈቀደም ያለ ፍላሽ። መቅደስ አይገባም። ጫማ ይወልቃል፣ ነጠላ ይለበሳል። አንዳንድ ገዳም ሴት ስለማያስገባ ሴት ተማሪዎች ርዕሱን ከመምረጣችሁ በፊት አጣሩ።

ሥዕሉ ፊት ስትቆሙ መጀመሪያ ትርጓሜ አትጻፉ። ቀለሙን፣ መስመሩን፣ የዓይኑን አቅጣጫ፣ የእጁን አያያዝ፣ ቀለሙ የተላጠበትን ቦታ በተራ መዝግቡ። ልኬት ውሰዱ። በግእዝ የተጻፈ መግለጫ ካለ እንዳለ ገልብጡ፤ የሚያነብላችሁ የቅኔ ወይም የመጽሐፍ መምህር በአካባቢው አይጠፋም። በዓመተ ምሕረት ያልተጻፈ ዘመን ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ዓመተ ዓለም ከሆነ 5500 ቀንሱ፤ ዓመተ ሰማዕታት ከሆነ 276 ደምሩ። በዚህ የተሳሳተ ተማሪ ሥዕሉን በመቶዎች ዓመት ያሸሸዋል።

ለማነጻጸሪያ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ በ1983 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል ዐበይት ጭብጦች ያሳተሙት መጽሐፍ አለ። በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የሠራው ፍሬ ጽዮን ስማቸው ከሚታወቅ ጥቂት ሠዓሊዎች አንዱ ስለሆነ የእመቤታችን ሥዕሎቹን እዩ። ዘመናዊውን ክፍል ለመረዳት የኤልሳቤጥ ወልደ ጊዮርጊስ የ2019 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ይበቃል፤ አዲስ አበባ ከደረሳችሁ አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤትንና ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሳታዩ አትመለሱ።

ከመጨረሻው ሴሚስተር በፊት የክሬዲት ቆጠራ ጠይቁ። አንድ ኮርስ ጎድሎ ከተገኘ አድ ኤንድ ድሮፕ ሳይዘጋ ይሞላል። ውጤት ከገባ በኋላ ደግሞ ማይነሩ በትራንስክሪፕታችሁ ላይ በስሙ መስፈሩን አይታችሁ ብቻ ክሊራንስ ፈርሙ።