የአሮጌ ቬስፓ ፍሪሲዮን አልለቅ ሲል

ቬስፓ እ.ኤ.አ. በ1946 በጣሊያን አገር፣ በፒያጆ ፋብሪካ መሠራት ጀመረች። በአሮጌዎቹ ቬስፓዎች ማርሽ የሚቀየረው በግራ እጅ ነው። ፍሪሲዮኑን እንጨብጣለን፤ እጀታውንም አብረን እናዞራለን።

የፍሪሲዮን ሥራ ምንድን ነው? የሞተሩን ኃይል ከጎማው ጋር ማገናኘትና ማለያየት ነው። ቡሽ የለበሱ ዲስኮችና የብረት ዲስኮች እየተፈራረቁ ተደርድረዋል። የሚሠሩትም በዘይት ውስጥ ነው። ሞላ ሲጫናቸው ይያያዛሉ። ፍሪሲዮኑን ስንጨብጥ ሽቦው ይሳባል፤ ሞላው ይጨመቃል፤ ዲስኮቹም ይላቀቃሉ።

በደንብ ካልተላቀቁስ? ፍሪሲዮን ጨብጠን ቆመን ሳለ ቬስፓዋ ወደፊት ትጎትተናለች። ማርሽ ስናስገባ ይንኳኳል። ወደ ባዶ ማርሽ መመለስም ያስቸግራል። ይህ እንዲሁ የሚታለፍ ብልሽት አይደለም። ልጅ መንገድ ሲሻገር ቆመን ብንጠብቅ፣ ቬስፓዋ ግን አልቆምም ትላለች።

ታዲያ ወዲያው ሞተሩን እንፍታ? የለም፤ ከቀላሉ እንጀምር።

አንደኛ፣ ሽቦውን እንይ። ፍሪሲዮኑ መሳብ ከመጀመሩ በፊት በእጀታው ላይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ቢላላ ይበቃል። በጣም ከላላ በማስተካከያው እናጥብቀው። ግን ከልክ አናሳልፍ፤ ከጠበቀ ዲስኮቹ እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ። ክሮቹ መበጠስ የጀመሩ ሽቦ ይቀየራል።

ሁለተኛ፣ ዘይቱን እንይ። ብዙዎቹ ሞዴሎች ሩብ ሊትር ያህል 30 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት ይይዛሉ። ከዚህ የወፈረ ዘይት ዲስኮቹን ያጣብቃል። በብርድ ጠዋት ትንሽ ጎትቶ ሞተሩ ሲሞቅ ከተወው ግን አያሳስብም።

ሦስተኛ፣ ቬስፓዋ ለብዙ ወራት ቆማ ከነበረ ዲስኮቹ ተጣብቀው ይሆናል። ሞተሩን አጥፍተን ማርሽ እናስገባ። ፍሪሲዮኑን ጨብጠን ወደፊትና ወደኋላ እንግፋት።

ይህ ሁሉ ካልረዳ፣ ያን ጊዜ ፍሪሲዮኑ ይከፈታል። የጎበጠ የብረት ዲስክ፣ ያበጠ ቡሽ ወይም ያለቀ መግፊያ ይገኝ ይሆናል። ዲስኩን በመስተዋት ላይ አስተኝተን እንጫነው፤ ከተወዛወዘ ጎብጧል።

ሽቦ ማጥበቅ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሞተር መፍታት ግን ጊዜም ገንዘብም ይበላል። ስለዚህ ከመፍታት በፊት እንመርምር።

ጥያቄዎች
1. ፍሪሲዮን አለመልቀቁ በምን ይታወቃል?
2. ሽቦው ከልክ በላይ ቢጠብቅ ምን ይሆናል?
3. ለረጅም ጊዜ የቆመች ቬስፓ ፍሪሲዮን ለምን አይለቅም?