ከውል ስለ መውጣት

ስለ ውል መግባት ከታሪክ መጻሕፍት ብዙ ተምረናል፤ እገሌና እገሌ በዚህ ቀን ተፈራረሙ የሚለው ቃል በየገጹ ይገኛል። ከገቡበት ውል እንዴት እንደሚወጣ ግን ብዙ ጊዜ በሁለት መስመር ይታለፍና ወዲያው የጦርነቱ ታሪክ ይቀጥላል። እኔ ለዘንድሮው መጽሔታችን የመረጥሁት ይህንኑ የታለፈውን ክፍል ነው። ነገሩ ለእኛ ለሰሜን ሸዋ ልጆች ሩቅ እንዳልሆነ አስቀድሜ ለማሳሰብ እወዳለሁ። የውጫሌ ውል የተፈረመው በወሎ ቢሆንም፥ ወደዚያ ያደረሰው ወዳጅነት የተጀመረው ከደብረ ብርሃን አርባ ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በአንኮበር ነው።

አንኮበርን ያየ ሰው አፋፍ ምን እንደ ሆነ አይጠፋውም። ከደጋው ጫፍ ላይ ቆመው ቍልቍል ሲመለከቱ ቆላው እስከ አፋር ምድር ተዘርግቶ ይታያል። በእንዲህ ያለ አፋፍ ላይ ሁለት ሰዎች ተያይዘው ቢገፋፉ ሁለቱም መውደቅን አይወዱም፤ ዳሩ ግን እያንዳንዱ «ባላጋራዬ ቀድሞ ፈርቶ ይለቅልኛል» በማለት አንድ እርምጃ ወደ ጫፉ ይጠጋል። መንግሥታትም አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ይደራደራሉ። እንግሊዝ ከኤውሮፓ ኅብረት ስትወጣ ከ2009 እስከ 2012 ዓ.ም. የታየው ይኸው ነው፤ ከዚያ አንድ መቶ ሠላሳ ዓመት ያህል ቀደም ብሎም ዐፄ ምኒልክና የኢጣልያ መንግሥት በዚያው ዓይነት አፋፍ ላይ ቆመው ነበር። እኔ ሁለቱን አስተያይቼ ለመመርመር የምፈልገው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ከውል የሚወጣ ወገን «እወጣለሁ» ብሎ ቀን መቍረጥ ያለበት መቼ ነው?

ሸዋ ከኤውሮፓ መንግሥታት ጋራ መዋዋል የጀመረችው በዐፄ ምኒልክ ዘመን አይደለም። አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሃሪስ ጋራ፥ በ1835 ዓ.ም. ደግሞ ከፈረንሳዊው ከሮሼ ዴሪኩር ጋራ ተዋውለው ነበር። እነዚህ ውሎች ብዙ ፍሬ ሳያፈሩ ቀሩ። የኢጣልያ ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነበር። በ1869 ዓ.ም. አካባቢ ማርኪዝ አንቲኖሪ የሚባለው የኢጣልያ ጂኦግራፊ ማኅበር መልእክተኛ ወደ ሸዋ መጥቶ፥ በአንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ በተባለው ስፍራ ቦታ ተሰጠው። ከእርሱ በኋላ የመጣው ኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ ግን ከጥናት ይልቅ ጠመንጃ በማምጣት የታወቀ ሰው ሆነ። ምኒልክ በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ነበሩና መሣሪያ ይፈልጋሉ፤ ኢጣልያም ከአሰብ ጀምሮ ወደ ውስጥ የምትገባበት በር ትፈልጋለች። በዚህም ምክንያት በግንቦት 1875 ዓ.ም. በአንኮበር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተደረገ።

ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ በወደቁ ጊዜ ነገሩ ሁሉ ቸኰለ። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥትነታቸውን የሚያውቅላቸው መንግሥት ይሻሉ፤ ኢጣልያም ምጽዋን ከያዘች አራት ዓመት ሆኗትና ወደ ደጋው ለመውጣት ትቸኵላለች። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፥ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ተፈረመ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፥ ከሃያው አንቀጾች ውስጥ ሦስቱ ወዲያው ነገር ይዘው መጡ።

17ኛውን የማያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከኤውሮፓ ነገሥታት ጋራ ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፥ በኢጣልያንኛው ግን በዚያ በኩል ለመላላክ ተስማምተዋል የሚል ሆኖ ተጻፈ። የመጀመሪያው ፈቃድ ነው፤ ሁለተኛው ግዴታ ነው። 19ኛው አንቀጽ ደግሞ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም የሚስማሙ ስለ ሆነ እኩል ይታመናሉ ይል ነበር። እንግዲህ ይህ አንቀጽ ባይኖር ኖሮ አንዱ ወገን «የእኔ ይበልጣል» ለማለት ይችል ነበር፤ በመኖሩ ግን ሁለቱም ወገኖች ትክክለኛ ጽሑፍ በእጃቸው ይዘው እንዲጣሉ አደረጋቸው። ልዩነቱ የተሠራው ታስቦበት ነው ወይስ በትርጕም ስሕተት ነው በሚለው ላይ ስቬን ሩበንሰንና ካርሎ ጂልዮ የተባሉት የታሪክ ሊቃውንት ብዙ ተከራክረዋል፤ ለእኔ ግን ከዚያ ክርክር ይልቅ ብዙ ሰው የማያነበው 16ኛው አንቀጽ ይበልጥ የሚያስተምር ይመስለኛል። እርሱም ከአምስት ዓመት በኋላ ከሁለቱ ወገኖች አንዱ በውሉ ላይ ለውጥ ቢፈልግ አንድ ዓመት አስቀድሞ ለሌላው ማስታወቅ እንዳለበት የሚናገር ነው። የመውጫው በር ያለው እዚህ ላይ ነው።

በጥቅምት 1882 ዓ.ም. የኢጣልያው ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ 17ኛውን አንቀጽ ለኤውሮፓ መንግሥታት አስታወቀ፤ ትርጕሙም ኢትዮጵያ በኢጣልያ ጥበቃ ሥር ናት ማለት ነበር። ዐፄ ምኒልክ በዚያው ወር በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ጭነው ይህንኑ ለነገሥታቱ ቢጽፉ፥ ከእንግሊዟ ንግሥት ከቪክቶርያ የመጣላቸው መልስ ጉዳያቸው በኢጣልያ በኩል እንዲተላለፍ የሚያመለክት ሆነ። በመስከረም 1883 ዓ.ም. ለንጉሥ ኡምቤርቶ በጻፉት ደብዳቤ የአማርኛውና የኢጣልያንኛው ቃል እንዳልተስማማ ገለጹ። ኮንት አንቶኔሊም ነገሩን ለማብረድ ተመልሶ አዲስ አበባ ገባ። እቴጌ ጣይቱም የአገራቸውን ክብር የሚነካ ቃል እንዳይገባ አጥብቀው ተከራከሩት።

በዚያ ድርድር የሆነው ነገር የሚያስገርም ነው። በ1883 ዓ.ም. በጥር መጨረሻ አንቶኔሊ ተስማማን ብሎ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ፈረመ፤ ጥቂት ቀን ቈይቶ ቢመረምረው ግን 17ኛው አንቀጽ የሚጸና ሳይሆን የሚሰረዝ መሆኑን የሚናገር ሆኖ አገኘው። በኢጣልያንኛ የደረሰብን በአማርኛ ደረሰበት። ተቈጥቶም ስምምነቱን አፍርሶ በየካቲት ከአዲስ አበባ ወጣ።

እዚህ ላይ አንባቢ «እንግዲያውስ ዐፄ ምኒልክ ውሉን በዚያው ቀን ለምን አላፈረሱትም?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ለዚህ መልስ ለማግኘት ለጥቂት ጊዜ ወደ እንግሊዝ አገር እንሻገር፤ ሳይዘጋጁ ቀን መቍረጥ ምን እንደሚያመጣ እዚያ በግልጥ ይታያልና።

የኤውሮፓ ኅብረት መሠረት ከሆኑት ውሎች አንዱ የሊዝበን ውል ማሻሻያ ያስገባው 50ኛው አንቀጽ እንደ ውጫሌው 16ኛ አንቀጽ የመውጫ በር ነው፤ አንድ አገር እወጣለሁ ብሎ ካስታወቀ በኋላ ሁለት ዓመት ይቈጠራል። የእንግሊዝ ሕዝብ ሰኔ 16 ቀን 2008 ዓ.ም. በሰጠው ድምፅ ከመቶ 51.9 እንውጣ፥ ከመቶ 48.1 እንቈይ አለ። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ቴሬዛ ሜይ መጋቢት 20 ቀን 2009 ዓ.ም. የማስታወቂያውን ደብዳቤ ላኩ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰዓቱ ይቈጥር ጀመር። ዳሩ ግን እንግሊዞች ምን ዓይነት አወጣጥ እንደሚፈልጉ ገና እርስ በርሳቸው አልተስማሙም ነበር። ይልቁንም በሰሜን አየርላንድና በአየርላንድ ሪፐብሊክ መካከል እንደ ገና የኬላ ድንበር እንዳይቆም የተደረገው አንቀጽ አከራከራቸው። ሃያ ሰባቱ የኅብረት አገሮች ሚሼል ባርኒዬ በሚባል በአንድ ሰው አፍ ሲናገሩ፥ ለንደን ውስጥ ግን ሚኒስትር በሚኒስትር ላይ ይወጣ ነበር። ስምምነቱ ጥር 7 ቀን 2011 ዓ.ም. ለፓርላማ ቢቀርብ 202 ደግፈውት 432 ጣሉት፤ በመጋቢት ወርም ሁለት ጊዜ ወደቀ። ቀኑ ተራዘመ፤ እንደ ገናም ተራዘመ። ተተኪው ቦሪስ ጆንሰን ስምምነት ቢኖርም ባይኖርም እወጣለሁ በማለት ወደ አፋፉ ተጠጋ፤ ፓርላማውንም ለአምስት ሳምንት ያህል አስዘጋ። አሥራ አንዱ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኞች ግን መስከረም 13 ቀን 2012 ዓ.ም. በአንድ ቃል ይህ ሕገ ወጥ ነው ብለው ፈረዱ። በጥቅምት አዲስ ስምምነት ተገኘ፤ በታኅሣሥ ምርጫ ተደርጎ ጆንሰን አሸነፈ፤ አገሪቱም ጥር 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ወጣች። እኔ እንደሚመስለኝ በእነዚያ ዓመታት ሰዓቱ የሠራው ለኅብረቱ እንጂ ሰዓቱን ላስጀመረችው ለእንግሊዝ አልነበረም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ1883 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ውሉን አፍርሰው ቢሆን ኖሮ ምን ይይዛቸው ነበር? አንደኛ ዕዳ አለባቸው። ደጃዝማች መኰንን ወደ ኢጣልያ ሄደው በመስከረም 1882 ዓ.ም. በተፈራረሙት ተጨማሪ ውል አራት ሚሊዮን ሊሬ ብድር ተፈቅዶ ነበር፤ መያዣውም የሐረር ጉምሩክ ገቢ ነው። ባለ ዕዳ ሆኖ ከአበዳሪ ጋራ መጣላት ሐረርን ለነገር መስጠት ይሆን ነበር። ሁለተኛ አገሩ በክፉ ቀን ላይ ነበር፤ የከብት በሽታ ከብቱን ፈጅቶ ገበሬው የሚያርስበት በሬ አጥቶ ሕዝቡ ይራብ ነበር፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ ሠራዊት ማዝመት አይሞከርም። ሦስተኛ የትግራይ መኳንንት ገና አልገቡላቸውም፤ ኢጣልያኖችም በ1884 ዓ.ም. ከራስ መንገሻ ጋራ በመረብ ላይ ተማምለው ይህን ክፍተት ለማስፋት ሞክረዋል።

ዐፄ ምኒልክ ሁለት ዓመት ያህል ታገሡ። ዝም አሉ ማለት አይደለም፤ 17ኛውን አንቀጽ አልቀበልም ማለትን አላቋረጡም፤ ነገር ግን ውሉን በሙሉ የሚያፈርሰውን ቃል በእጃቸው አቈዩት። በዚህ ጊዜ ውስጥ ብድሩን ከፈሉ። በረኃብ ዘመን የተከፈለ ገንዘብ ስለ ሆነ ከማን ጐተራ እንደ ወጣ ለማሰብ አያዳግትም፤ ይህን የሚያነሣ መጽሐፍ አለመብዛቱ ያሳዝነኛል። ከፈረንሳይ ነጋዴዎችም በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ጠመንጃ ገባላቸው። በመጨረሻም በየካቲት 1885 ዓ.ም. በ16ኛው አንቀጽ መሠረት ውሉ አምስት ዓመቱን ሲፈጽም፥ ማለት በ1886 ዓ.ም. በሚያዝያ መጨረሻ፥ እንደሚቀር ለኤውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ። በዚያው ሰሞን ኢጣልያ ወዳጅነቱን ለማጽናት ሁለት ሚሊዮን ጥይት ሰጥታቸው ነበር፤ ጥይቱን ተቀበሉ፥ ውሉን ግን አልቀጠሉም። ይህን ተንኰል የሚሉት አሉ። እኔ ግን በሰው አገር ላይ ጥበቃ አለኝ እያለ ስጦታ የሚልክ መንግሥት ስጦታው ምን እንደሚሆን ሊያስብበት ይገባው ነበር እላለሁ።

የማስታወቂያው ዓመት ሲያልቅ በእንግሊዝ ከደረሰው የተለየ ነገር ታየ። ቀኑ በቀረበ ቍጥር የዐፄ ምኒልክ ወገን እየጠበበ ሳይሆን እየሰፋ ሄደ። በ1886 ዓ.ም. ክረምቱ ሳይገባ ራስ መንገሻና ራስ አሉላ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ለንጉሠ ነገሥቱ ገቡ፤ ኢጣልያም በትግራይ በኩል ይዛው የነበረው ተስፋ ከእጇ ወጣ።

ይሁን እንጂ ቀን ማለፉ ብቻውን ነገሩን አልጨረሰውም። ኢጣልያኖች 16ኛው አንቀጽ ስለ ማሻሻል እንጂ ስለ ማፍረስ አይናገርም ብለው ተከራከሩ፤ በወረቀቱ ካየነው የእነርሱ ጽሑፍ ለዚህ ይመቻል። በለንደን እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሣ ዳኛ ነበረ፤ በኢትዮጵያና በኢጣልያ መካከል ግን ማን ይፈርዳል? በ1887 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ወደ ትግራይ ገባ፤ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት ዐዋጅ ታወጀ። የሰላም መልእክተኛ ዐድዋ ከመሆኑ ጥቂት ቀድሞ እንኳ ይመላለስ ነበር፤ ሁለቱም ወገን ሌላው ይለቃል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበርና። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከሁለቱም ወገን በሺህ የሚቈጠር ሰው ወደቀ።

በጥቅምት 1889 ዓ.ም. ማጆር ኔራዚኒ በአዲስ አበባ በፈረመው ውል፥ በ2ኛው አንቀጽ የውጫሌ ውል ፈጽሞ ተሰረዘ፤ በ3ኛው አንቀጽ ደግሞ ኢጣልያ የኢትዮጵያን ፍጹም ነጻነት ዐወቀች። ጥበቃ የሚባለው ነገር በዚህ ቀረ። ስለ መሬት ግን ጓደኞቼ አንድ ነገር እንዲያስተውሉልኝ እፈልጋለሁ። የኢጣልያንኛው 16ኛ አንቀጽ መጨረሻ ላይ ውሉ ቢሻሻልም ስለ መሬት የተሰጠው ሁሉ አይነካም የሚል ሐረግ ነበረበት። ውሉ ከነሐረጉ ተሰርዞ ሳለ፥ በውጫሌ 3ኛ አንቀጽ የተሰጡት አስመራና ሰገነይቲ አልተመለሱም፤ እንዲያውም በሐምሌ 1892 ዓ.ም. በተደረገው ሌላ ውል ድንበሩ ከውጫሌው መስመር ወደ ደቡብ ወርዶ በመረብ፥ በበለሳና በሙና ወንዞች ላይ ተተከለ።