የአንድ ዓመት ኪራይና የሁለት ሰዓት መንገድ

አሜሪካዊው ኮሜዲያን ኬቨን ሃርት የጫማ ሻጭነቱን ትቶ በቀልድ ሊተዳደር ሲወስን እናቱ ወይዘሮ ናንሲ አልከለከሉትም። «በርታ ልጄ» ብለው መርቀው ብቻም አልሸኙትም። የቤት ኪራዩን ለአንድ ዓመት ሊከፍሉለት ተስማሙ። ከዓመቱ በኋላ ያለው የእሱ ጉዳይ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሃርት ራሱ በየቃለ መጠይቁ ደጋግሞ አውርቶታል። የኪራይ ቀን ደርሶ እናቱን ገንዘብ ሲጠይቅ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ታነባለህ ወይ ብለው ይመልሱለታል። እሱም ሳያነብ አነባለሁ ይላል። ብሩ ግን አይመጣም። በመጨረሻ ከቤቱ ሊያስወጡት ማስጠንቀቂያ ሲደርሰው ጨንቆት መጽሐፉን ቢገልጥ፣ የኪራዩ ቼኮች ከገጾቹ መሃል ዱብ ዱብ አሉ። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ለስብከት ይጠቀምበታል። እኔ የማየው ውሉን ነው። እናትየው ቃላቸውን አላጠፉም፤ ገንዘቡ አስቀድሞ ተሰጥቷል። የቀረው ልጁ የራሱን ድርሻ መወጣቱ ብቻ ነበር።

እኛ ዘንድ እርዳታ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ወንድም ከክፍለ ሀገር አዲስ አበባ ይመጣል፣ ወይም እህት ሜሪላንድ ያለች ዘመዷ ቤት ታርፋለች። «እስክትቋቋሚ ድረስ እኛ ጋ ሁኚ» ይባላል። እስከ መቼ? መቋቋም ማለትስ ምን ማለት ነው? ይሉኝታ ይዞን ማንም አይጠይቅም። በስምንተኛው ወር አስተናጋጇ ፊቷ ይጠቁራል፣ እንግዳዋም ምግብ በቀረበ ቁጥር «በልቻለሁ» ማለት ትጀምራለች። ሁለቱም ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቀን አለመቁረጣቸው ነው ያቀያየማቸው።

ስለዚህ ሙያ ለመማር ወይም ሥራ ለመጀመር የቤተሰብ ድጋፍ የምትፈልጉ ከሆነ፣ ገደቡን አስቀድማችሁ የምትናገሩት እናንተ ሁኑ። «የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ (ሲዲኤል) እስካወጣ አራት ወር ያስፈልገኛል፤ በሁለተኛው ወር የጽሑፉን ፈተና አልፋለሁ፤ ካላለፍኩ መጋዘን ገብቼ እየሠራሁ እቀጥላለሁ» ያለ ሰው፣ «እባክሽ እርጂኝ» ካለው ይልቅ ይታመናል። ለጋሽም ቀን ሲነገረው እጁ ይፈታል። እናንተ ለጋሽ ከሆናችሁ ደግሞ በየወሩ ከመቆጠብና ከማጉረምረም የምትችሉትን በአንድ ጊዜ ቆርጣችሁ መስጠት ይሻላል። የወይዘሮ ናንሲ ቼኮች አስቀድመው ተጽፈው ነበርና በወሩ መጨረሻ የስሜት ጉዳይ አልሆኑም።

ሃርት የተወለደው በ1979 በፊላደልፊያ ነው፤ ዓመታቱን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። እናትየው በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ እየሠሩ ነው ያሳደጉት። አባትየው የኮኬይን ሱሰኛ ነበሩ፤ እስር ቤት ገብተው ወጥተዋል። እናት ልጁ መንገድ ላይ እንዳይውል ቀኑን በትምህርትና በዋና ቡድን ልምምድ አጥረውት ነበር። የጫማ መደብሩ የሥራ ባልደረቦች ናቸው «አንተ እኮ ታስቃለህ፣ መድረክ ሞክር» ያሉት። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን አላማሩም። ክሪስ ታከርን ሊመስል ይጥር ነበር። ሕዝቡ ጮኾ ከመድረክ አውርዶታል፤ አንድ ጊዜ የዶሮ ቁራጭ ተወርውሮበታል።

ኪት ሮቢንሰን የሚባል የፊላደልፊያ አንጋፋ ኮሜዲያን ያገኘው በዚህ ጊዜ ነው። ሮቢንሰን ያደረገለት ነገር ሲታይ ቀላል ነው። ሃርት መድረክ ላይ የሚጠራበትን የልጅ ነገር የሆነ የቅጽል ስም አስጣለው፤ የሰውን ቀልድ ትተህ የገዛ ሕይወትህን አውራ አለው። ከዚያም መኪናው ውስጥ አስገብቶ ኒው ዮርክ ይወስደው ጀመር፤ ከፊላደልፊያ መሄጃው ብቻ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። መድረሻው በማክዱጋል ጎዳና ያለው ኮሜዲ ሴላር የተባለ የኮሜዲ ክለብ ነበር። ሃርት እዚያ ሲደርስ ወዲያው መድረክ ላይ አልወጣም። ተቀምጦ ያያል። ከክለቡ በላይ ባለው ካፌ ኮሜዲያኖች የሚሰበሰቡበት የታወቀ ጠረጴዛ አለ፤ እዚያ የሰው ሥራ ያለ ርኅራኄ ይበጠራል።

ስለ ሙያ አባት ምክር ሲጠየቅ ሰው ሁሉ «ትልቅ ሰው ፈልግና አማክረኝ በለው» ይላል። ይህ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ሥራ የበዛበትን ባለሙያ «ምክር ስጠኝ» ብትሉት የሚሰጣችሁ የተለመደውን ነው፤ በርታ፣ አንብብ፣ ታገስ። መጠየቅ ያለበት ቦታ ነው። ሲሠራ ለማየት የምትቀመጡበት ቦታ። ጋራዥ ውስጥ ያደገ መካኒክ ይህን ያውቃል፤ ረዳት ሆኖ መፍቻ እያቀበለ ነው ሞተር የገባው። ቢሮ ስንገባ ነው የረሳነው። ጀማሪ የሒሳብ ባለሙያ አለቃውን «የዓመቱን ሒሳብ ስትዘጋ አጠገብህ ልቀመጥ፣ ፋይሉን እኔ አደራጃለሁ» ቢለው፣ ከአሥር የቡና ቀጠሮ የበለጠ ይማራል። ነርሷ የአንጋፋዋን ርክክብ ቆማ ብትሰማ፣ የሽያጭ ሠራተኛው ነባሩ ከደንበኛ ጋር ዋጋ ሲከራከር አብሮ ቢገባ፣ ያው ነው።

ታዲያ አጠገቡ ያስቀመጠን ሁሉ የሙያ አባት አይደለም። ነፃ ጉልበት የሚፈልግም አለ። እኔ የምለይበት አንድ መንገድ አለኝ፦ ከራሱ የተሻሉ ሰዎች ዘንድ ይወስዳችኋል ወይስ ከራሱ በቀር ሌላ እንዳታዩ ይጋርዳል? ሮቢንሰን ወጣቱን በፊላደልፊያ አስቀምጦ የራሱ አጃቢ ሊያደርገው ይችል ነበር። እሱ ግን የኒው ዮርክ ምርጦች ወደሚቀመጡበት ጠረጴዛ ወሰደው። ሁለት ዓመት አብራችሁት ሠርታችሁ አንድም ሰው ያላስተዋወቃችሁ አለቃ ካለ፣ ውለታውን አስባችሁ ሌላ በር አንኳኩ።

ትችትንም መለየት ያስፈልጋል። «ይህ ሪፖርት መደምደሚያው ከቁጥሩ ጋር አይሄድም» ያለ ሰው ሥራችሁን ነካ፤ ቢያምም ያዙት። «አንተ እኮ ድሮም አይገባህም» ያለው የተናገረው ስለ ሥራው አይደለም፤ ከእሱ የሚወሰድ ነገር የለም።

ሃርት በ2004 ሶል ፕሌን በተባለው ፊልም ዋና ተዋናይ ሆኖ ተስፋ ተጣለበት። ፊልሙ ሲኒማ ቤት ሳይገባ የተሰረቀ ቅጂው መንገድ ላይ ተቸበቸበ፤ ገበያውም ወደቀ። ሃርት ወደ ትንንሾቹ ክለቦች ተመለሰና አንድ ነገር ጀመረ። በሚሠራበት ክለብ ሁሉ ትንንሽ ካርዶች እያስቀመጠ የተመልካቹን የኢሜይል አድራሻ መሰብሰብ። ወደዚያ ከተማ ሲመለስ ለእነዚያው ሰዎች ይጽፋል። የፊልም ኩባንያ ቢተወውም ሰዎቹ የእሱ ሆነው ቀሩ። በ2015 በፊላደልፊያ የአሜሪካ እግር ኳስ ስታዲየም ሃምሳ ሺህ የሚያልፍ ሕዝብ ፊት ቆመ።

ከታሪኩ ሁሉ ነገ ጠዋት ሊጀመር የሚችለው ይህ ነው። ፀጉር አስተካካይ ናችሁ? የደንበኞቻችሁ ስልክ በቤቱ ባለቤት ደብተር ሳይሆን በእናንተ ስልክ ይኑር፤ ደንበኛውን አስፈቅዳችሁ፣ ባለቤቱንም ሳትደብቁ። አስተማሪ፣ ምግብ አብሳይ፣ ኤሌክትሪሺያን ብትሆኑም እንዲሁ። ስም፣ ስልክ፣ የሠራችሁለት ነገር፣ ቀን። ቤቱ ሲዘጋ ወይም አለቃ ሲቀየር አድራሻ ያለው ሰው ከዜሮ አይጀምርም። የመሥሪያ ቤት የደንበኛ መረጃ ቀድቶ መውጣት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያ ያስከስሳል።

ሃርት ራሱ ስለ ስኬቱ ሲያወራ አብዝቶ የሚያነሳው ልፋትን ነው፤ ማልዶ መነሳት፣ አለማረፍ። በዚህ ብዙም አልስማማም። እንቅልፍ ማጣት ቢያከብር ኖሮ የሌሊት ዘበኞች ሁሉ ባለ ፎቅ በሆኑ። ልፋቱን የሚመጥን መንገድ የጠረገለት ሰው ስለነበር ነው የለፋበት ያፈራው።

እናቱ በ2007 በካንሰር ሲያርፉ የሚከፈለው ብድር ሳይከፈል ቀረ። በ2011 በወጣው ላፍ አት ማይ ፔይን በተባለው የመድረክ ሥራው የእናቱን ቀብርና የአባቱን ሱስ ሳይቀር አወራ፤ ገመና መሸፈን የለመደ ሰው ግር ይለዋል። ለሮቢንሰን ግን በሕይወት እያለ ደረሰለት፤ በ2014 የአስተማሪውን የመድረክ ሥራ በራሱ ስም አቅራቢነት ለሕዝብ አወጣው።

ለሙያ አባት ውለታ ስትመልሱ ገንዘብ ብትዘረጉ አብዛኛው አይቀበልም፤ በበዓል ደውሎ እንኳን አደረሰዎ ማለት ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም። የሚጠቅመው ሥራ ነው። ደንበኛ «ማን አስተማረህ?» ሲላችሁ ስሙን ከነስልኩ ስጡ። ከአቅማችሁ በላይ የሆነ ሥራ ሲመጣ መጀመሪያ ለእሱ ደውሉ፤ ዋጋውንም እሱ ይቁረጥ።