የልቅሶ ዛፍ

አባታችን ያዕቆብ ከሴኬም ወደ ቤቴል በወጣ ጊዜ በሁለት ዛፎች ሥር የተፈጸመውን ነገር ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 35 ይነግረናል። አስቀድሞ ቤተ ሰዎቹ የያዟቸውን ባዕዳን አማልክት ሰብስቦ በሴኬም አጠገብ ባለው ዛፍ ሥር ቀበረ። ቀጥሎም የእናቱ የርብቃ ሞግዚት ዲቦራ ዐረፈችና ከቤቴል በታች በሌላ ዛፍ ሥር ተቀበረች፤ ያም ስፍራ አሎንባኩት ተባለ፤ የልቅሶ ዛፍ ማለት ነው።

ስለዚህች ሴት መጽሐፍ የሚነግረን ጥቂት ነው። ርብቃ ለይስሐቅ በታጨች ጊዜ ሞግዚቷ ከአገሯ አብራት ወጣች፤ ከዚያ በኋላ እስከ ዕረፍቷ ድረስ ነገሯ አይነሣም። ዕድሜዋን በሰው አገር ጨረሰች። ያዕቆብን ገና በሕፃንነቱ ያየች ዓይን ስትከደን፣ እርሱም ከራሱ ዘመን አንድ ክፍል አብሮት እንደ ተቀበረ ሳይሰማው አልቀረም።

ይህን ያሳሰበን በአንገር ጉቲን የምናየው የአረጋውያን ኀዘን ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ወለጋና ወደ ሌሎች የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ አገሮች ተወስዶ ሰፍሯል። ያን ጊዜ በጎልማሳነት ወደ አንገር ሸለቆ የገቡት ዛሬ ሰባውንና ሰማንያውን ይዘዋል። ወባው ልጆቻቸውን፣ ገንዲው በሬዎቻቸውን እየቀሠፈባቸው ዱሩን መንጥረው አረሱ። (ዱሩን ያጠፋው የራሳቸው ምሣር መሆኑን እነርሱም አይክዱም።) ለጥላ ብለው የተዉአቸው ጥቂት ዋንዛና ሾላ ግን የሰፈሩ አደባባይ ሆኑ፤ የተጣላ የታረቀው፣ የእድር ገንዘብ የተቈጠረው፣ የሞተ የተነገረው ከዚያ ሥር ነው። ዋንዛው በኋላ ለመዝጊያና ለአልጋ ተሰነጠቀ። ከሥሩ ይቀመጡ ከነበሩት አንዳንዶቹ በደዌ ዐረፉ፤ ሌሎቹም ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ በደረሰው መከራ ተሰደዱ፤ ወዳጅ ወዳጁን ሳይቀብር የቀረበት ብዙ ነው።

ወጣቶች «ለእንጨት ይለቀሳልን?» ይላሉ። ከካህናትም አንዳንዱ ነገሩ ወደ አድባር አምልኮ እንዳያዘነብል ይሠጋል። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ዛፍን ቅቤ መቀባት፣ ከሥሩም ደም ማፍሰስ ዛሬም በየገጠሩ አልጠፋም። ነገር ግን በያዕቆብ ቤት በዚያው በአንድ ምዕራፍ ጣዖቱ በአንዱ ዛፍ ሥር ተቀብሮ በሌላው ዛፍ ሥር ተለቅሷል፤ ሁለቱ አልተደባለቁም። እኛስ ለምን እናደባልቃለን? ሽማግሌው ዋንዛውን ሲያነሣ የሚያነሣው ከሥሩ አብረውት የተቀመጡትን ነው፤ ስማቸውን በቀጥታ ለመጥራት እንባ ስለሚቀድመው በዛፉ በኩል ይዞራል።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው በትንሣኤ ቃል ፈጥኖ ዝም ማሰኘት አይገባም። ጌታችን አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አለቀሰ። ቅዱስ ጳውሎስም የተሰሎንቄን ክርስቲያኖች የከለከለው ተስፋ እንደሌለው ሰው ማዘንን እንጂ ማዘንን አይደለም። ጻድቁ ኢዮብማ በምዕራፍ 14 ከዚህ አልፎ ይሄዳል፦ የተቈረጠ ዛፍ የውኃ ሽታ ባገኘ ጊዜ እንደሚያቈጠቍጥ፣ ሰው ግን ተኝቶ እንደሚቀር ለፈጣሪው አቤት ይላል። አቤቱታው ብርቱ ነው፤ ሆኖም በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቈጣው በፈጣኖቹ አጽናኞች እንጂ በኢዮብ ላይ አልነበረም።

በአንገር ጉቲን ያሉ የንስሐ አባቶች ወደ አረጋዊ ቤት ሲገቡ ከምክር በፊት ስለ ዛፉ ይጠይቁት፤ ማን በየት በኩል ይቀመጥ እንደ ነበረ ይናገር። በዚያ መካከል የሚጠራቸውን የክርስትና ስሞች ይጻፉለት፤ ተዝካር ያላገኙ፣ ቀባሪም ያጡ ብዙዎች ከዚያ ይገኛሉና በጸሎት ይታሰባሉ። ከዋንዛው ጉቶ ባለፈው ክረምት ሦስት ቀንበጥ ወጥቷል፤ ፍየል እንዳይበላው ሽማግሎቹ ዙሪያውን በእሾህ አጥረውታል።