ርኩሰትና መንጻት በኦሪት፦ የቀይዋ ጊደር ትምህርት

በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 19 ላይ ለማስረዳት የሚያስቸግር ሥርዓት እናገኛለን። ነውር የሌለባት፣ ቀንበር ያልተጫነባት ቀይ ጊደር ከሰፈር ውጭ ታርዳ ትቃጠላለች። አመዷ ከምንጭ ውኃ ጋር ይቀላቀልና ሬሳ በነካ ሰው ላይ በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን ይረጫል። ሰውየው በሰባተኛው ቀን ማታ ንጹሕ ይሆናል። የሚያስገርመው ግን ጊደሯን ያቃጠለውና አመዱን የሰበሰበው ሰው ራሳቸው እስከ ማታ ርኩሳን መሆናቸው ነው። የረከሰውን የሚያነጻ ነገር ንጹሑን እንዴት ያረክሳል?

የአይሁድ የምሥጢር ትምህርት የሆነው ካባላ በዚህ ላይ ብዙ ተመራምሯል። ዋና መጽሐፉ ዞሃር በስፔን የታወቀው በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ነው። በካባላ ቀይ ቀለም የፍርድ፣ ውኃ ደግሞ የምሕረት ምልክት ነው፤ ስለዚህ የጊደሯ አመድ ከውኃ ጋር ሲገናኝ ፍርድ በምሕረት ይለዝባል ማለት ነው። ከዚያም በገሊላ በጽፋት ከተማ ያስተማረው ይስሐቅ ሉሪያ (እ.ኤ.አ. 1534–1572) ትምህርቱን አሰፋው። እንደ እርሱ አባባል፣ በፍጥረት መጀመሪያ መለኮታዊውን ብርሃን የያዙ ዕቃዎች ተሰበሩ፤ የብርሃኑም ፍንጣሪዎች ወድቀው በቅርፊት ተሸፈኑ። ክፋት ማለት ይህ ቅርፊት ነው። የራሱ ሕይወት የለውም፤ የሚኖረው በውስጡ በያዘው ብርሃን ነው። እንግዲህ መንጻት ማለት ፍሬውን ሳይጥሉ ቅርፊቱን መስበር ነው። አመዱን የሰበሰበው ሰው መርከሱም ከዚህ አንጻር ይገባናል፤ የወደቀውን የሚያነሣ ሰው እጁ ሳይነካው ሊያነሣው አይችልም።

ይህ የካባላ ትምህርት ወደ አገራችን ቤተ እስራኤል አልደረሰም። እነርሱ በጎንደር፣ በወገራና በሰሜን ሲኖሩ ኦሪትን በግእዝ እያነበቡ የመንጻትን ሕግ በተግባር ይጠብቁ ነበር። መንደራቸውን በወንዝ አጠገብ ይመሠርታሉ፤ ለሰንበት ይታጠባሉ። ሴቶች በወር አበባ ጊዜ ለብቻ በተሠራ ጎጆ ይቆያሉ፤ የወለደች ሴት ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ትጠብቃለች። ቀኑ ሲሞላ ግን ታጥባ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

በንጽሕና ይህን ያህል የሚጠነቀቁትን ሰዎች ጎረቤቶቻቸው ምን ይሏቸው ነበር? «ቡዳ» ይሏቸው ነበር። ወንዶቹ ብረት ቀጥቃጮች፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች ስለነበሩ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተብሎ ተወራባቸው። ማረሻውን ከእጃቸው የሚገዛ ገበሬ ዓይናቸውን ይፈራ ነበር።

እኛ በምንኖርባት በሐርጌሳም ተመሳሳይ ነገር አለ። ጋቦዬ የሚባሉት ወገኖች ብረትና ቆዳ በመሥራት ኖረዋል፤ ብዙዎቹም በዳሚ ሰፈር ይገኛሉ። ሌሎች ጎሳዎች ከእነርሱ ጋር መጋባትን ሲሸሹ ኖረዋል። እኛም ብንሆን «ቀጥቃጭ»፣ «ፋቂ» የሚሉትን የሙያ ስሞች ለስድብ የምንጠቀምባቸው ጊዜ አለ።

ከዚህ ጥናት የተረዳነው ትልቁ ነገር ይህ ነው። በኦሪት ሬሳ የነካ ሰው ርኩሰቱ ቀን አለው፤ ሰባተኛው ቀን ሲመሽ ያበቃል፤ ሰውየውም ወደ ሰፈሩ ይመለሳል። ሰው በሰው ላይ የሚለጥፈው ርኩሰት ግን ሰባተኛ ቀን የለውም፤ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ስለዚህ በዘር ወይም በሙያ ሰውን «ርኩስ» ማለት ኦሪትን መጠበቅ አይደለም። በካባላ አነጋገር ደግሞ ቅርፊቱን ብቻ አይቶ ፍሬውን መጣል ነው። አብሮን የሚማር ልጅ አባቱ ምን እንደሚሠራ ከመጠየቃችን በፊት ይህን እናስታውስ።